የረገምሽው ፖሊስ

ውድ ጽጌዬ፣

እንዴት ሰነበትሽ እንዳልልሽ የሰነበትነው እኛ ነን። ከተለየሽን ሦስተኛው ክረምት ገባ። ዘንድሮ ዝናቡ ቀድሞ ጀመረና የኩሽናው ቆርቆሮ በዚያ በምታውቂው በኩል ያፈሳል፤ ከሥሩ ባልዲ ደቅኛለሁ። ጡረታ የወጣሁት አንቺ ከሄድሽ በኋላ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ቤት የሚውለውን ታደሰን አላየሽውም። ብታዪው ትስቂበት ነበር። አሁንም ጠዋት ጠዋት ጢሜን ተላጭቼ፣ ክራቫቴን አስሬ፣ የማስተምረው ክፍል እንደሌለ ትዝ ሲለኝ እስከ ሥላሴ በእግሬ ሄጄ እመለሳለሁ። የግቢያችን ሰው ደኅና ነው። የግድግዳ ጎረቤታችን አስካለም እንደ ዱሮዋ ናት፤ በግድግዳው በኩል የሰማችውን ትይዛለች፣ ያልሰማችውን መጥታ ትጠይቃለች።

ልጽፍልሽ የተቀመጥኩት ግን ስለ መሠረት ነው። ልጃችን ፖሊስ ሆናለች።

ይህችን አጭር ዓረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ ጽፌ ሰርዣታለሁ። ለስለስ የሚያደርጋት አጻጻፍ አጣሁላት። ስለዚህ ከመጀመሪያው ጀምሬ በየተራው ልንገርሽ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል በገባች ሰሞን ነው። ምሳ እየበላን፣ ጨው አቀብለኝ የምትል ያህል ቀለል አድርጋ፣ «አባዬ፣ ስጨርስ ፖሊስ ነው የምገባው» አለችኝ። እኔ በልቤ አስተማሪነት፣ እሱም ካልሆነ ነርስነት ነበር ያሰብኩላት። ግን አይሆንም አላልኩም። ተማሪ ገና እጁን ሲያወጣ የተቆጡት እንደሆነ ዳግመኛ እንደማያወጣ ስንት ዘመን አይቻለሁ። «ምክንያትሽን አስረጂኝ» አልኳት። ደመወዝ አለው አለች፣ አገር ማገልገል ነው አለች፣ ሴት ፖሊስ በጣም ያስፈልጋል አለች። ሁሉም ትክክል ነው። ነገር ግን ከጎኑ ካለው ልጅ የቀዳ ተማሪ መልሱ ልክ ቢሆንም ዓይኑ ያስታውቅበታል። የመሠረትም ዓይን እንደዚያ ነበር። እውነተኛውን እስክትነግረኝ ጠበቅሁ።

አስካለ በግድግዳው ሰምታ ኖሮ ቡና ቁርስ ይዛ መጣች። «ጋሽ ታደሰ፣ እርስዎ በጠመኔ ያላረሙትን የአራዳ ልጅ እሷ በዱላ ልታርመው ነው?» አለችኝ። ወደ መሠረት ዞራ ደግሞ፣ «አንቺ በረሮ ስታዪ አልጋ ላይ የምትወጪው፣ ሌባ ሲመጣ የት ልትወጪ ነው?» አለቻት። መሠረትም፣ «እትዬ አስካለ፣ ሌባው በረሮ ይዞ ካልመጣ እኔ ምን ቸገረኝ» አለቻት። ሦስታችንም ሳቅን። እኔ የሳቅሁት ግን በአፌ ብቻ ነበር።

እውነተኛውን ምክንያት የነገረችኝ መቃብርሽን ጠይቀን ስንመለስ ራስ መኮንን ድልድይ ላይ ነው። ከፊታችን አንዲት ሴት ምሳ ዕቃ በፎጣ ጠቅልላ፣ እንዳይደፋባት በሁለት እጇ ይዛ፣ በሰው መሐል እየተሹለከለከች ትሄድ ነበር። ሁለታችንም የት እንደምትሄድ አወቅን። መሠረት ቆመችና እስክትጠፋ ድረስ በዓይኗ ተከተለቻት። ከዚያ፣ «አባዬ፣ ያ ሽማግሌ ፖሊስ ትዝ ይልሃል?» አለችኝ። እኔ አላየሁትም ነበር። አንቺ ነሽ ያየሽው።

በዚያ ክፉ ዘመን ትልቁን ልጃችንን ዳዊትን ከቤት ሲወስዱት፣ እኔ ክፍሌን ይዤ ሳስተምር አንቺ ወደ እስር ቤቱ ስንቅ ታመላልሺ ነበር። ሕፃን ያዘለች ወይም ያስከተለች ሴት ትንሽ ይራሩላታል ብለሽ ትንሿን መሠረትን ይዘሻት ትሄጃለሽ። የስንቁን ቋንቋ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ፦ ምሳ ዕቃው ባዶውን ከተመለሰ ልጁ አለ፣ በልቷል ማለት ነው፤ ምግቡ እንዳለ ከተመለሰ ግን ማንም ምንም ሳይናገር እናቶች ያለቅሳሉ። የእኛ ምሳ ዕቃ ሁልጊዜ ባዶውን ይመጣ ነበር። «ዛሬ ፍርፍሩን ጨርሶታል» እያልሽ ፊትሽ ሲበራ እኔም የተማሪ ደብተር ማረሙ ይቀለኝ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን አንድ ሸበቶ ፖሊስ ምሳ ዕቃውን አልቀበልም አለሽ። ወደ ቤት ስትመጪ የነገርሽኝ ይህን ብቻ ነው፦ «ከእንግዲህ አይምጡ አለኝ፤ አፉን ይዝጋው! የራሱን ልጅ መርዶ ያሰማው!» በማግስቱ ተመልሰሽ ሄድሽ። ሌላ ወጣት ዘበኛ ቆሞ ነበር፤ ምሳ ዕቃውን ተቀበለሽ፣ ባዶውንም መለሰልሽ። እሱን መረቅሽው። ሽማግሌውን እስክትሞቺ ድረስ ረገምሽው።

መሠረት በሕፃን ዓይኗ ያየችው ሌላ ነው። ድልድዩ ላይ ሆና፣ ሰው እየገፋን ሲያልፍ፣ እንዲህ ስትል ነገረችኝ፦ «ኮፍያውን አውልቆ ነው ያናገራት፣ አባዬ። እናቴ፣ ልጅዎ እዚህ የለም፣ ከሄደ ቆየ፤ ይህንን ምግብ የሚበሉት እነዚህ ዘበኞች ናቸው፤ ይህችን ልጅ ያብሏት አላት። እማዬ ጮኸችበት። እሱ አልተቆጣም። እኔን ሲያየኝ ዓይኑን መለሰ። ከዚያ ወዲህ በሩ ላይ አላየሁትም።» ከዚያም፣ «በየበሩ እንደሱ ያለ አንድ ሰው መኖር አለበት» አለችኝ።

ጽጌዬ፣ ይህን የምነግርሽ ቁስልሽን ልነካካ ብዬ አይደለም። ልጃችን የደንብ ልብስ የተመኘችው አንቺ ስለረገምሽው ሰው ብላ እንደሆነ ካልነገርኩሽ የቀረው ሁሉ አይገባሽም።

እኔም አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅኋት። «እንዳትናገሪ ቢያዙሽስ?» አልኳት። «እናገራለኋ!» አለችኝ። በአሥራ ሰባት ዓመት ዕድሜ ሁሉም ነገር እንዲህ ነው የሚመለሰው። ተሳስተሻል ብዬ ቀይ መስመር ላሰምርባት አልቻልኩም፤ ትክክል ነሽ ብዬም ማርክ ልሰጣት አልቻልኩም። ስለዚህ የማውቀውን ሥራ ያዝኩ፤ ለፈተናው አዘጋጀኋት። ጃንሜዳ ስትሮጥ ሹራቧን ይዤ ዳር እቆማለሁ። ማታ ማታ ደግሞ ሪፖርት አጻጻፍ አለማምዳታለሁ፤ ያየሽው ለብቻ፣ የሰማሽው ለብቻ፣ የገመትሽው ለብቻ፣ እያልኩ። ስትቀላቅላቸው ቀድጄ እንደገና አስጽፋታለሁ። አስካለ በግድግዳው በኩል፣ «ኧረ ጋሼ፣ ልጅቷ ጄኔራል ልትሆን ነው እንዴ!» ትለን ነበር። ደስ የሚል ወራት ነበር። ምን እያዘጋጀሁ እንደሆነ የምረሳበት ጊዜ ሁሉ ነበር።

ከቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልጋት ስለነበር አብሬያት ሄድኩ። የቀበሌው ሰዎች «ወንድም አለሽ?» ብለው ጠየቋት። አየችኝ። የለኝም ብትል እንደማልቀየማት በዓይኔ ልነግራት ሞከርኩ። «ነበረኝ» አለች። ሊቀመንበሩ እኔን ወደ በረንዳው አወጣኝና፣ «ጋሼ፣ የቆየ ነገር ነው፣ እኔ አላነሣውም። ግን እንዲህ ያለ ነገር ላለበት ቤት ለሥራዋ የሚፈርመው ዋስ አባት ቢሆን ይሻላል» አለኝ። ለክፋት አልመሰለኝም። ዋስትናው የሚለው፣ ከሥራዋ ብትጠፋ ወይም የሥራውን ምስጢር ብታወጣ ዋሱ ይጠየቅበታል ነው። አንድም ያልገባኝ ቃል አልነበረበትም። ልጄ ልትናገር እንደምትገባ እያወቅሁ፣ ዝም እንደምትል ዋስ ሆኜ ፈረምኩ። እምቢ ብል አስካለ ፈርማላት ትገባ ነበር። ቢያንስ የሚደግፋት አባቷ ይሁን አልኩ። መደገፍ ማለት ይህ መሰለኝ።

ገባች። ሥልጠናዋን ጨርሳ ስትመጣ ጸጉሯን አሳጥራ፣ ፊቷ ጠቁሮ፣ ትከሻዋ ሰፍቶ ነበር። አስካለ እልል ብላ ተቀበለቻት፤ ቀበቶዋን እየነካካች፣ «ይሄ ሁሉ ለበረሮ ነው?» አለቻት። ከዚያ ተመደበች። የት ጣቢያ እንደሆነ አልጽፍልሽም፤ ወረቀትም ጆሮ አለው። ሥራዋ በር ላይ ነው። ስንቅ ይዘው የሚመጡትን ሴቶች ትፈትሻለች፤ እንጀራውን በቀጭን እንጨት ገልጣ፣ ወጡን አማስላ፣ የተደበቀ ወረቀት እንዳለ ታያለች። የተመኘችው በር ደረሳት ማለት ነው። ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ ልበለው ፍርሃት አላውቅም።

ትናንት የዕረፍት ቀኗ ነበር። መጣች፤ ያቀረብኩላትን ምሳ በላች፤ ሳህኑንም አጠበች። ያን ሁሉ የምታወራው ልጅ ባልዲው ውስጥ የሚንጠባጠበውን ውሃ ታዳምጣለች። ሰሌዳው ፊት ቆሞ መልሱ የጠፋበትን ተማሪ ስጠብቅ እንደኖርኩ ጠበቅኋት። በመጨረሻ ፊቷን ወደ መስኮቱ እንዳዞረች፣ «አንዲት እናት አለች» አለችኝ። የሴትየዋ ልጅ ከጣቢያው ከተወሰደ ቆይቷል። የት እንደወሰዱት አይነገርም። ስንቁ ግን ይገባል፤ የመሠረት የሥራ ጓደኞች ይበሉታል፤ ምሳ ዕቃውም ባዶውን ይመለሳል።

«አልነገርኳትም፣ አባዬ» አለችኝ። «ነገም ያምጡለት አልኳት። መረቀችኝ።»

ለምን? አልኳት። የአስተማሪ ልማድ ሆኖብኝ ነው እንጂ መጠየቅ አልነበረብኝም። ዞራ አየችኝ። «ዋሴ ማነው?» አለችኝ።

«ስለ እኔ አታስቢ፣ እኔ ሽማግሌ ነኝ» ልላት አፌን ከፍቼ ነበር። ግን እኔን ብቻ ሳይሆን እሷንም እንደሚወስዷት ታየኝ፤ ያ ሸበቶ ሰው ከዚያ ቀን በኋላ በሩ ላይ እንዳልታየ አሰብኩ። እንግዲህ ንገሪያት ልበላት? ወይስ ያኔ አንቺ በቆምሽበት ቦታ የቆመችውን ያችን ሴት እያየች ዝም ትበል? ጽጌዬ፣ ሁለቱንም በልቤ ሞከርኳቸው፤ ሁለቱም ከአፌ አልወጡም። የወጣው፣ «ካፖርትሽን ልበሺ፣ ሊዘንብ ነው» የሚል ነው። እስከ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ሸኘኋት። እዚያ ስንደርስ ተመለስ አለችኝ። ጉንጬን ሳመችኝና በሰው መሐል ሄደች። የደንብ ልብሷን ያየ ሰው ሁሉ መንገድ ይለቅላት ነበር፤ እሷ ግን አንገቷን ደፍታ ነበር።

ዛሬ በሩ ላይ ናት። ያቺም ሴት ይህን በምጽፍበት ሰዓት ምሳ ዕቃዋን ይዛ ደርሳ ይሆናል። ምን እንደተባለች አላውቅም። በግቢው በር ሰው ባለፈ ቁጥር ብዕሬን አስቀምጣለሁ። አስካለ እንኳ ዛሬ ድምፄን ስላጣች መጥታ፣ «ጋሼ፣ ምነው ቤቱ ጸጥ አለ?» አለችኝ። ስለ ልጄ ደብዳቤ እየጻፍኩ ነው አልኳት። ሐሰት አይደለም።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እዚያ ካለሽበት ያንን ሰው ይቅር በዪው። እርግማንሽን አንሺለት። በሕይወት ካለም ይድረሰው፤ ከሌለም ምናልባት ከእኔ ይልቅ ለአንቺ ይቀርብሻል።

እኔ ደግሞ ሙት ዓመትሽ ሲደርስ እንደ ሌላው ጊዜ ወደ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ። ቄሱ የክርስትና ስም ሲጠይቁኝ ያንቺን እነግራቸዋለሁ። ዘንድሮ የዳዊትንም እነግራቸዋለሁ፤ ስሙን ከሙታን ጋር አትጥራብኝ ያልሽኝን እስከ ዛሬ ጠብቄያለሁ፣ ከእንግዲህ ግን እሱን ሳላስበው መቅረት ይከብደኛል። ስሙን የማላውቀው አንድ ሸበቶ ሰውም አለ፣ አስቡልኝ እላቸዋለሁ። በሕይወት እስካለሁ ሦስታችሁንም አልተዋችሁም።

ለመሠረት ግን ምን ብለው እንዲጸልዩላት እንደምለምናቸው አላወቅሁም። እንድትናገር ነው? ወይስ እንድትተርፍ? የቱን እንደምመርጥ እስካውቅ ድረስ ስሟን ብቻ እሰጣቸዋለሁ።

ባልሽ ታደሰ