ሆን ብዬ የተሳሳትኩት ፈረንሳይኛ

ሶፊዬ፣

አሰላሙ ዐለይኪ። ከተለየሽን ወዲህ ሁለት ረመዳን አለፈ። የመጀመሪያውን እንዴት እንዳሳለፍነው ትዝ አይለኝም። ሁለተኛውን ግን ከሐናን ጋር እየተጋገዝን፣ ሾርባውን አንዴ እያሳረርን አንዴ ጨው እያበዛን ጨረስነው። ልጽፍልሽ ብዙ ጊዜ ቁጭ ብዬ ሳልጽፍ ተነሥቻለሁ። ዛሬ የተቀመጥኩት ስለ ልጃችን የምነግርሽ ነገር ስላለ ነው።

በመጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርሽ። አሁንም ቱሉ ዲምቱ እዚያው አራተኛ ፎቅ ላይ ነን። ውሃው ያው በፈረቃ ነው፤ ጀሪካኑን ግን አሁን የምትሸከመው ሐናን ናት፣ እምቢ ብትባልም አትሰማም። ቁመቷ አንቺን አልፏል። ያንቺን ቡናማ ሹራብ ትለብሳለች፣ እጅጌው አጥሯታል፣ ሌላ ልግዛልሽ ስላት እጅጌውን ወደ ላይ ትሰበስበዋለች። እኔ የጅቡቲን መስመር ትቻለሁ። ተሳቢውን ለባለንብረቱ አስረክቤ አሁን ቂሊንጦ ላለ አንድ ፋብሪካ ሰርቪስ እነዳለሁ። ጠዋት ሠራተኞቹን አደርሳለሁ፣ ማታ እመልሳለሁ፣ ቤቴ አድራለሁ። "መቼ ነው እንደ ሰው ቤትህ የምታድረው?" ትዪኝ ነበር። ይኸው ማደር ጀመርኩ። እራት አቅርበን ሳሕን ስንዘረጋ እጄ እስካሁን ሦስተኛውን ያነሣል።

ሳሪስ አቦ ያቺ ማታ ማታ ፈረንሳይኛ ታስተምሪባት የነበረችው ክፍል አሁን የስልክ መጠገኛ ሆናለች። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ቀና ብዬ መስኮቷን አያለሁ። እዚያ የመጣሁት ጅቡቲ ወደብ ላይ ፖሊሱም መካኒኩም በፈረንሳይኛ ሲያዋክበኝ ሰልችቶኝ ነው። ሰላምታና ቁጥር፣ የመኪና ዕቃ ስም፣ በቃ ሌላ አልፈልግም ነበር። አንቺ ግን የድሬዳዋ ልጅ፣ የባቡር ሠራተኛ ልጅ፣ ፈረንሳይኛን ከሰፈር ልጆች ጋር እየተጫወትሽ የሰማሽው ሰው፣ ማንንም በግማሽ አታስተምሪም ነበር። ሹፌሩንም፣ አስመጪውንም፣ የውጭ ትምህርት ዕድል ፍለጋ የመጣውንም እኩል ነበር የምታስጨንቂው።

ከሁሉ ያስቸገረን ያ የግሡ ነገር ነበር። "በፈረንሳይኛ 'ሴት መረጥኩ' ስትሉ ግሡ አይለወጥም" አልሽን። "ሴቲቱ የምትመጣው ከኋላው ስለሆነ ገና አላያትም። 'የመረጥኳት ሴት' ስትሉ ግን በእነሱ አነጋገር ሴቲቱ ከፊት ትጠራለች። ግሡ ቀድማው እንደሄደች ያያል። ስለዚህ ሴት መሆኗን የሚያሳይ አንድ ፊደል ጫፉ ላይ ይጨምራል።" ያ ፊደል ደግሞ ብዙውን ጊዜ አይነበብም። እኔ ከኋላ ወንበር ሆኜ የማይነበብ ፊደል ለምን እንደሚጻፍ ጠየቅሁሽ።

"አማርኛህን ጠይቀው" አልሽኝ። "'የመረጥኩት' እና 'የመረጥኳት' ልዩነታቸው ምንድን ነው?"

"አንዱ ለወንድ ነው፣ አንዱ ለሴት።"

"ማን አስተማረህ?"

ማንም አላስተማረኝም። "እነሱም እንደዚሁ ናቸው" አልሽ። "እኛ ሁልጊዜ እንሰማዋለን፤ እነሱ ብዙውን ጊዜ ይጽፉታል እንጂ አይሰሙትም።" ቤት ሄጄ ብቻዬን "ያየኋት፣ የጠየቅኋት፣ የወደድኳት" እያልኩ አፌን ሳሟሽ አመሸሁ። የማስባት ሴት ማን እንደነበረች አንቺ ዘግይተሽ ነው ያወቅሽው።

ያወቅሽው ጋላፊ፣ የጅቡቲ ድንበር ላይ ተሰልፌ ሳለሁ ነው። ሙቀቱ ያቃጥላል፣ ሰልፉ አይንቀሳቀስም፣ ከፊቴ ያለው ሹፌር ከመኪናው ሥር ምንጣፍ ዘርግቶ ተኝቷል። በስልኬ « la femme que j'ai choisi » ብዬ ጻፍኩልሽ። "የመረጥኳት ሴት" ማለቴ ነበር። ከዚያ "መጀመሪያ ሴቲቱን አስተካክላት" የሚል መልስ መጣ። የጎደለችውን ፊደል ጨምሬ « choisie » ብዬ መለስኩልሽ። "አሁን ገባኝ፤ ሽማግሌ ላክና አባቴን ጠይቅ" አልሽኝ። መኪናው ውስጥ ብቻዬን ስስቅ የተኛው ሹፌር ነቅቶ በሙቀቱ ያበድኩ መስሎት ውሃ አቀበለኝ።

ከዚህ በኋላ ያለውን መጻፍ ይከብደኛል፤ ግን የልጃችን ነገር ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

ሐናን ስምንተኛ ክፍል ሆና አንቺ የምታስተምሪበት ትምህርት ቤት፣ አንቺው ክፍል ውስጥ ነበረች። እዚያ "ማዳም" ትልሻለች፣ ቤት "እማ"። አንድ ቀን እኔ ከመንገድ ተመልሼ ቤት ሳለሁ ጫማሽን ሳታወልቂ ገባሽና "ዛሬ ልጅህ አረመችኝ" አልሽኝ። ሰሌዳው ላይ "ልጅቷ የጻፈቻቸው ደብዳቤዎች" የሚል ጽፈሽ ነበር። በፈረንሳይኛ ደብዳቤ ሴት ናት፤ ደብዳቤዎቹም ብዙ ናቸው፤ ሁለት ፊደል መጨመር ነበረበት፣ አንቺ ሁለቱንም ትተሽዋል። ክፍሉ ሁሉ እንዳለ ሲገለብጥ ሐናን እጇን አወጣች። "ማዳም፣ መጨረሻው ጎድሏል" አለችሽ። አጨበጨብሽላት፣ ክፍሉም አብሮ አጨበጨበ።

ያን ቀን እንዴት እንደነበርሽ አሁንም ይታየኛል። ቁጭ ማለት አልቻልሽም። "እኔ በእሷ ዕድሜ ይሄን አላይም ነበር፣ ወላሂ" እያልሽ ከሳሎን ኩሽና ትመላለሻለሽ። ድሬዳዋ እናትሽ ጋ ደወልሽ። ፈረንሳይኛ ለማይችሉ ሰው ሕጉን ከጫፍ እስከ ጫፍ አስረዳሻቸው፣ እሳቸውም "ማሻአላህ" እያሉ እስከ መጨረሻው ሰሙሽ። ሐናን ይህን ሁሉ አላየችም። ትምህርት ቤት ለማስጠኛ ቀርታ ነበር።

ስልኩን ከዘጋሽ በኋላ ነው አጠገቤ የተቀመጥሽው። "ሰይድ" አልሽኝ፣ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ፣ "ጎድሏል ካለችኝ በኋላም ምን እንደጎደለ አልታየኝም። እሷ ስትነግረኝ ጨመርኩት እንጂ ለምን እንደሚጨመር ጠፋብኝ።"

ድካም ነው አላልኩሽም፣ አንቺም አላልሽም። በዚያው ሳምንት ሐኪም ጋ ሄድን። ምርመራው ጭንቅላትሽ ውስጥ እጢ እንዳለ አሳየ። ቀዶ ሕክምናው ተደረገ፣ የቻሉትን አወጡ፣ የቀረው ቀረ።

ቃል በቃል እየተለየሽን ሄድሽ። መጀመሪያ የዕቃ ስም ጠፋሽ። ማንኪያዋን "ያቺን" ትያለሽ፣ ቁልፉን "ያን"፣ እኛም እየገመትን እናቀብልሻለን። ቀጥሎ ዐረፍተ ነገር ጀምረሽ መሃሉ ላይ ትቆሚያለሽ፣ ከየት እንደተነሣሽ ጠፍቶሽ። ዐይንሽ ወደ ኋላ ሲፈልግ አየዋለሁ። አንቺ ነበርሽ ቀድሞ የሄደውን ዘወር ብሎ ማየት ያስተማርሽኝ።

ያኔ ነው ሆን ብዬ መሳሳት የጀመርኩት። ጠዋት የሰገነቱን በር ስከፍት በፈረንሳይኛ "የከፈትኩት በር" እላለሁ። በር በእነሱ ቋንቋ ሴት ናት፤ ያቺ የምትጨመረው ፊደል እዚህ ላይ ትሰማለች፤ "ኡቬርት" መባል አለበት። እኔ "ኡቬር" ብዬ አቆማለሁ። አንቺ ከአልጋሽ ላይ አንድ ጣትሽን ታነሺና "ት" ትያለሽ። ሌላ አትናገሪም፣ "ት" ብቻ። "ይቅርታ ማዳም" እላለሁ። ትስቂያለሽ። የእናትሽን ስም በምትረሺበት ሰሞን፣ ሐናንን በእኅትሽ ስም በምትጠሪበት ሰሞን፣ ያቺን "ት" አልረሳሽም። እኔም በየቀኑ በሩን እከፍታለሁ፣ እሳሳታለሁ፣ ጣትሽን እጠብቃለሁ።

አንድ ጠዋት በሩን ከፍቼ "ኡቬር" አልኩ። ዝም። ያልሰማሽኝ መስሎኝ ጮክ ብዬ ደገምኩት። ዘወር ብለሽ አየሽኝና ፈገግ አልሽ፣ ሰው ቸርነቱን እንጂ ስሙን ለማያውቀው እንግዳ ፈገግ እንደሚለው። የበሩን እጀታ እንደያዝኩ ቆምኩ። ከታች የታክሲ ረዳት "ሳሪስ፣ ሳሪስ" ይላል። በሩን መልሼ ዘጋሁት፤ ለምን እንደዘጋሁት አላውቅም። ሰዎች የሞትሽበትን ቀን ሲጠይቁኝ የቀብሩን ቀን እነግራቸዋለሁ። ልቤ የሚያውቀው ግን ያን ጠዋት ነው።

ስታርፊ እናትሽና እኔ ከአጠገብሽ ነበርን። ሐናንን ከትምህርት ክፍሏ ጠርቼ ያመጣኋት እኔ ነኝ። በር ላይ ስታየኝ ሳልናገር ገባት። በዚያው ቀን ከዐስር ሶላት በፊት ቀበርንሽ።

አሁን ልነግርሽ የተቀመጥኩበት ነገር። ባለፈው ወር ከትምህርት ቤት ተደወለልኝ። ሐናን የፈረንሳይኛ ፈተናዋን ስሟን ብቻ ጽፋ ባዶውን ሰጥታ ወጥታለች። መምህሯ ጥሩ ሰው ነው፣ አልተቆጣትም። "የማትችለው ቢሆን አልደውልም ነበር" አለኝ። "እጇን ካወጣች ደግሞ ሁለት ዓመት ሊሆናት ነው፣ በየትኛውም ትምህርት።"

ከትምህርት ቤት ይዣት ወጣሁና ሳሪስ አንድ ጁስ ቤት ገባን። ጁሱ መጣ፣ አልነካችውም።

"አባ፣ እማን ያመማት እኔ ካረምኳት ቀን ጀምሮ ነው አይደል?" አለችኝ።

ምን ማለቷ እንደሆነ ወዲያው አልገባኝም። ቀጠለች። "ሰው ሁሉ እያየ አረምኳት። እያጨበጨበችልኝ ፊቷ ሌላ ነበር። ደንግጣ ነበር፣ እኔ አይቻታለሁ። ከዚያ በኋላ ነው ሐኪም ቤት የሄዳችሁት። ዝም ብል ኖሮ..."

ሶፊዬ፣ ልጃችን ይህን ያህል ጊዜ ይህን ተሸክማ ከእኔ ጋር እራት ስትበላ ኖራለች። አላወቅሁም። እጢው እሷ እጇን ከማውጣቷ ብዙ ቀድሞ እንደነበረ፣ እንዲያውም እሷ ባታርምሽ ሐኪም ጋ የምንሄደው ዘግይተን እንደነበር ነገርኳት። ራሷን ነቀነቀች፤ አባት ሊያጽናና የሚለው ነገር እንደሆነ ነው የሰማችው። ያን ቀን ቤት ገብተሽ እንዴት እንደሆንሽ ነገርኳት፣ ከሳሎን ኩሽና የተመላለስሽውን፣ እናትሽ ጋ የደወልሽውን። ቀና አለች።

"ለእማማ ደወለችላቸው?"

እዚያው ሆኜ ድሬዳዋ ደወልኩና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። እናትሽ ድምፃቸው ደክሟል፣ ግን ያው እሳቸው ናቸው። ሐናን ራሷ ጠየቀቻቸው።

"ያን ቀን?" አሉ እናትሽ። "አቦ፣ እንዴት እረሳዋለሁ። ስልክ አልዘጋም ብላ ወጡ አረረብኝ። ልጄ በለጠችኝ ትላለች፣ እንደ ሠርግ። እኔ ፈረንሳይኛውን አላውቀውም የኔ ልጅ፤ ደስታዋን ግን ሰምቼዋለሁ።"

ሐናን በቀብርሽ ቀን ድምፅ አውጥታ አላለቀሰችም። እዚያ ጁስ ቤት አለቀሰች። አስተናጋጇ መጥታ ሶፍት አስቀምጣ ሄደች። እናትሽም ስልኩን ሳይዘጉ እስክትጨርስ ጠበቋት።

ሁሉም ነገር ተስተካከለ ብዬ ልዋሽሽ አልፈልግም። ፈረንሳይኛውን አልተመለሰችበትም። መምህሯ ጊዜ ስጣት ይላል፤ እኔም አልገፋትም፣ ባትመለስበትም ልጅሽ ናት። አሁን ግን ስምሽ ቤት ውስጥ ይጠራል። "እማ ይሄን በምን ነበር የምታደርገው?" ትለኛለች ምግብ ስታበስል። በፊት እኔ ስምሽን ስጠራ ተነሥታ ትወጣ ነበር። ክረምቱን ድሬዳዋ ከእናትሽ ጋር ልታሳልፍ ነው፤ አንቺ ያደግሽበትን ሰፈር ልይ ብላ ራሷ ናት የጠየቀችው። ቤቱ ባዶ ይሆንብኛል። ቢሆንም ትሂድ ብያለሁ።

አንድ ነገር ቃል እገባልሻለሁ። ስለ አንቺ የጠየቀችኝን ሁሉ ሳልቀንስ እነግራታለሁ፤ ያሳቀሽንም፣ ያመመሽንም፣ መጨረሻ ላይ የሆነውንም። ከእንግዲህ ብቻዋን የምትገምተው ነገር አይኖርም። እሷ ወጣት ናት፣ ከጊዜ ጋር የድምፅሽ ቃና ሊጠፋባት ይችላል፣ አይፈረድባትም። እኔ ጋ ግን አይጠፋም። በየሶላቱ በዱዓዬ ውስጥ ነሽ፤ አላህ ቀብርሽን ሰፊና ብሩህ ያድርግልሽ።

ሰርቪሱ ላይ አዲስ የተቀጠሩ ሠራተኞች ሲገቡ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ አንድ ነው፤ ባለትዳር ነህ ወይ ይሉኛል። አዎ እላቸዋለሁ። ሌላ መልስ አፌ ላይ መጥቶልኝ አያውቅም፣ እንዲመጣልኝም አልፈልግም።

ባልሽ ሰይድ