አንዲት ጉርሻ ከጥሩሐረግ እጅ

ሰቆጣ፣ ኅዳር 14 ቀን 1961 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለምትኩ በሪሁን
አዲስ አበባ

ልጄ፣ የዓይኔ ማረፊያ፣

ሌላው አባት ደብዳቤ ሲጀምር ጤና ይጠይቃል። እኔ በቀጥታ ሆድህን ልጠይቅ። እንዴት ነው? ትናንት ምን በላህ? ከበላህ በኋላስ ልብህ ደህና መታች፣ ወይስ እንደ ፋሲካው ሰሞን ጋለበችብህ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከጉልበቴ በቀር የሚያመኝ የለም። ጉልበቴም ዕድሜውን ሙሉ አሞሌ ሲጭንና ሲያወርድ የኖረ ነውና ቢያኮርፍ አልፈርድበትም።

የመስከረሙ ደብዳቤህ ደርሶኛል። ሐኪሞቹ የጨጓራህን ግማሽ ቆርጠው ካወጡ ወዲህ ጥቂት ጥቂት እየበላህ እንደምትውል፣ ምግብና ውሃ ባንድ ላይ እንደማትወስድ፣ ከበላህ በኋላ ጋደም እንደምትል፣ ማርና ስኳርን ደግሞ እንደ ጠላት እንደምትሸሽ ጽፈህልኛል። ይህን ሁሉ በደስታ አነበብሁ። ወደ መጨረሻው ግን “ከእንግዲህ ሰቆጣ አልመጣም አባባ፤ ብላ የሚለኝን ሰው እንቢ ማለት አልችልም፣ ከበላሁ ደግሞ ሰው ፊት እወድቃለሁ” ያልኸው ላይ ስደርስ ወረቀቱን አጥፌ ደጅ ወጣሁ።

አክስትህ ደመቀች የአበላልህን ነገር ስትሰማ፣ “እንግዲህ ልጁ ዶሮ ሆነ በለኛ፣ ሲለቅም ሊውል!” አለች። እኔ ግን ቶሎ ገባኝ። አንተ ሳትወለድ፣ እኔና ጓደኛዬ ምንዋጋው ከትግራይ በኩል ጨው ጭነን ወደ ሰቆጣ ስንመላለስ፣ ቦራ የምትባል በቅሎ ነበረችኝ። አንድ በጋ ጀርባዋ ክፉኛ ተገጠበ። ሰዉ ሁሉ ሽጣት አለኝ። እኔ ግን ጭነቷን ግማሽ አድርጌ፣ ቶሎ ቶሎ እያሳረፍሁ፣ አቀበቱን ስትጨርስ ቆም ብላ እንድትተነፍስ እየተውኋት ብዙ ዓመት አብረን ሄድን። ገጣባ በቅሎ ሰነፍ በቅሎ አይደለችም፤ ጭነቷን የሚያውቅላት ሰው ነው የምትፈልግ። የአንተም ሆድ እንደዚያው ነው።

ያ ዘመን ዛሬ ዛሬ አብዝቶ ይመጣብኛል። ማታ ስንሰፍር ሊጡን በጋለ ድንጋይ ላይ ጠቅልለን፣ ፍሙ ውስጥ ቀብረን ብርኩታ እንጋግር ነበር። ከውጭ አመድ፣ ከውስጥ ድንጋይ፣ መካከሉ ላይ ግን እንዴት ያለ ዳቦ! ምንዋጋው አፉ እየተቃጠለ ይጎርሳል፣ እኔ እስቅበታለሁ። ያኔ ሆድ እንዳለኝ የማውቀው ሲርበኝ ብቻ ነበር። አንተ በወጣትነትህ ይህ ነገር ስለቀረብህ ነው የማዝን፤ አንተም ታዝናለህ፤ ማዘኑ ደግሞ ነውር የለበትም።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ እጀምራለሁ።

እናትህ ወለተ ገብርኤል አንተን ተገላግላ ብዙ ሳትቆይ ያረፈች ጊዜ፣ ጎረቤታችን ጥሩሐረግ የራሷን ሕፃን ቀብራ ጡቷ ወተት አግቶ ነበር። ማንም ሳይጠራት መጣችና ከደመቀች እጅ ተቀብላ አጠባችህ። እያጠባች በአገውኛ ታንጎራጉርልህ ነበር። ያችን እንጉርጉሮ እኔም እስካሁን አልረሳኋትም፤ በቅሎ ስጭን ሳላውቀው አዜማታለሁና ሰው ይስቅብኛል። ጥርስ ሳታበቅል ገንፎውን በአንዲት ትንሽ የሸክላ ጣባ እያቀዘቀዘች በጣቷ ታጎርስህ ነበር። ባሏ ገብረ አምላክ ከሞተም በኋላ ቤቷ ቤትህ ነበር።

ባለፈው ፋሲካ ስትመጣም ሻንጣህን እንዳስቀመጥህ የሮጥኸው ወደ እሷ ነው። እሷስ ልጇ ከሆስፒታል ተርፎ ሲመጣላት ምን ታድርግ? የኛ አገር ሰው ለታመመ የሚያውቀው መድኃኒት አንድ ነው፣ ነጭ ማር። ማሩን በቅቤ አቀረበች፣ በላዩ ላይ ብርዝ አስከተለች፣ “ብላ እንጂ፣ አጥንትህ ወጥቶ!” አለችህ። አንተም እንቢ ማለቱ ነውር ሆነብህና በላህ፣ ጠጣህ። ከደጃፉ ሳትርቅ ላብ አጠመቀህ፣ ፊትህ አመድ መሰለ፣ ዘጭ አልህ። አብራን የነበረችው አክስትህም “ልጄን በላችው!” ብላ ጮኸች።

ከዚያ ወዲያ ያለውን አታስታውሰውም። የቡዳ ሥር አጨሱብህ፣ ጋቢ አለበሱህ፣ እንደ ልማዱም “ማን በላህ? ስሙን ጥራ!” እያሉ ጠየቁህ። አንተም ዓይንህን ሳትገልጥ “ጥሩሐረግ” አልህ።

እኔ አባትህ ነኝ፣ ድምፅህን አውቀዋለሁ። ሕፃን ሆነህ ትኩሳት ሲይዝህም እንደዚያው አድርገህ ትጠራት ነበር፤ እንድትመጣልህ። ግን በጢስና በጩኸት መካከል ማን ይሰማኛል? ሰዉ የሚፈልገውን ሰምቶ ወደየቤቱ ሄደ።

ይህን እስካሁን ያልጻፍሁልህ እሷ ስለከለከለችኝ ነው። “አያ በሪሁን፣ ለልጁ እንዳይጽፉለት፤ የራሱ ሕመም ይበቃዋል” ብላ አስምላኛለች። ዛሬ መሐላዬን አፈረስሁ፣ ለንስሐ አባቴም ተናግሬያለሁ።

ከፋሲካ ወዲህ እናቶች እሷ ስታልፍ የልጆቻቸውን ፊት በነጠላ ይሸፍናሉ። ምንጭ ስትወርድ ሴቶቹ እንስራቸውን አንሥተው ይሄዳሉ። አያቷ ማረሻ ቀጥቃጭ ነበሩ የሚለው የሞተ ወሬም ከመቃብር ተነሣ። እስቲ በዚያ ማረሻ ከታረሰው እህል ያልበላ የትኛው ነው? የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ምንጩ ዳር ብቻዋን ቆማ ሳያት ስለከፋኝ አሁን ውሃዋን በበቅሎ እኔ አመጣላታለሁ። “በሪሁን በእርጅናው ውሃ ቀጂ ሆነ” እያሉ ያላግጣሉ። በቅሎዋ ሥራ ፈትታ ስለምትውል ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለውም።

የሐኪሙን ቃል ለደመቀች አንብቤላታለሁ። ጨጓራው ግማሽ ስለሆነ ጣፋጩ በአንድ ጊዜ ወደ አንጀቱ ይወርዳል፣ ያዞረውም ያላበውም እሱ ነው ብዬ አስረዳኋት።

“ሐኪም መርፌውን ይውጋ!” አለች። “ስለዚህ ነገር ማን ጠየቀው? ልጁ ራሱ በአፉ ስሟን ጠርቷል።”

ክፋት እንዳይመስልህ። ትወድሃለች፤ ስለምትወድህ ነው ያበደችው። ቢሆንም አንዳንዴ በከዘራዬ አንድ ጊዜ ብላት ደስ ይለኛል።

ከትናንት በስቲያ የሚካኤል ማኅበራችን በምንዋጋው ቤት ነበር። ጥሩሐረግ ዳቦ ጋግራ ይዛ መጣች። ዳቦዋ ተቆርሶ ሲዞር ሰው ሁሉ እጁን ሰበሰበ። እኔ አንሥቼ በላሁ። ምንዋጋውም እኔን አይቶ በላ፤ ሚስቱ በክርኗ ስትጎስመው ግን አየሁ። የጥር ሚካኤል የጥሩሐረግ ተራ ነው። ደመቀች ተነሥታ “ተራው ይለፋት፤ እሷ ቤት እህል የሚቀምስ የለም” አለች። ክርክር ሆነ። በመጨረሻ የማኅበሩ ካህን አባ ወልደ ጻድቅ እንዲህ አሉ፦

“ሰው ያየው ልጁ ሲወድቅ ነው። በወረቀት አይነሣም። ይምጣና በማኅበሩ ፊት ከእጇ ይጉረስ። ደህና ከዋለ ጽዋው የሷ ነው፣ ወሬውም ይቆረጥ። ካልመጣ ግን እኔ ሰውን አስገድጄ አላበላም።”

ጥሩሐረግን ወደ ቤት ስሸኛት መንገድ ላይ፣ “ልጁን አያስቸግሩት። ከጥምቀት በኋላ ወንድሜ ዘንድ አበርገሌ እወርዳለሁ” አለችኝ። ዕቃዋን መሰብሰብ ጀምራለች፤ ሞሰቧን በገመድ ጠፍራ ግድግዳ ጥግ አቁማዋለች። አበርገሌ እኮ ቆላ ነው ልጄ! እሷ ሙቀት አትችልም። መንገዱም መንገድ አይደለም፣ ሰው ከወረደ ወሬው እንኳ አይመጣም። እዚህ አጥሯን ገና አሁን አድሼላት፣ ጎመኗ ገና አሁን ይዞላት! እኔ የምናገረው ስለ ሙቀቱ ብዬ ነው።

ስለዚህ ና። አባት ልጁን እንደሚያዝ አድርጌ አላዝህም፤ እለምንሃለሁ። ለጥምቀት ድረስና በማግሥቱ በጥር ሚካኤል፣ በቃና ዘገሊላ ቀን፣ ከጥሩሐረግ እጅ አንዲት ጉርሻ ጉረስ። ዳግመኛ ብትወድቅ እሷም እንደማትነሣ አውቃለሁ። ስለዚህ ነገሩን ለዕድል አልተውሁትም።

ደብዳቤህን እንደ ደረሰኝ አነበብሁላት። ደግመው ያንብቡ፣ ደግመው ያንብቡ እያለች በቃሏ ያዘችው። አሁን ማርና ብርዝ ለአንተ እንደ እሬት ነው። ለስለስ ያለ የገብስ ቂጣ፣ በደንብ የበሰለ እንቁላል፣ በርበሬ ያልነካው የዶሮ አልጫ ሥጋው እየተፈተፈተ መሥራት ይዛለች። ምን እንደሚስማማ ለማወቅ ቀማሽ አስፈልጓት ስለነበር ቀማሹ እኔ ሆንሁ። ያንተን አበላል ልሞክር ብዬ ጥቂት ጥቂት፣ ውሃ ሳልነካ፣ እያላመጥሁ መብላት ጀመርሁ። መጀመሪያ ከማሽላ ማሳ እንደተባረረ ዝንጀሮ ተቆጥቼ ዋልሁ። አሁን ለመድሁት። ሰው ቀስ ብሎ ሲበላ ወሬ ይበዛል። ስለ እናትህ እናወራለን፣ ስለ ገብረ አምላክ እናወራለን፣ አንተ ስትድህ ጭራሮ ስለ መብላትህ እንስቃለን። እናትህ ካረፈች ወዲህ እንደዚህ እያወራሁ በልቼ አላውቅም። ነገ ጾም ስለሚገባ እንቁላሉና ዶሮው እስከ ገና ይቆያል፤ እኔ ግን ቂጣውን መቅመሴን አላቆምም፣ ላንተ ሲባል።

ከበላህ በኋላ ጋደም ማለትህ ነበር ያስጨነቀኝ። አንተ ጋደም ስትል ደመቀች ገና ጀርባህ መደቡን ሳይነካ ትጮሃለች! መላው ተገኝቷል። ምንዋጋውም፣ እኔም፣ አባ ወልደ ጻድቅም እንደ በላን አብረንህ ጋደም እንላለን። አባ መጀመሪያ “እኔ ካህኑ በማኅበር ላይ ልተኛ?” ብለው ተቆጡ፤ ኋላ ግን ወገባቸውን ስለሚያማቸው ተስማሙ። ሽማግሌ ሁሉ ተዘርሮ ካዩ ማን ማንን በላ ይላሉ? ጽዋውንም ከንፈርህን ካስነካህ ይበቃል ብለዋል።

ሌላ ሰው ማር ቢያቀርብልህ አትፈር። “አይስማማኝም” በል። ድሮ ምግብ እንቢ ማለት ሰውን እንቢ ማለት ይመስለን ነበር፤ አሁን ግን የሚወድህ ሰው ጭነትህን ያውቅልሃል። አልለቅ ያለህ ካለ ወደ እኔ አሳልፈው፣ ማር በመብላት የሚያግዝህ አባት አታጣም።

እስከ ኮረም በአውቶቡስ ና። እዚያ በቅሎ ይዤ እጠብቅሃለሁ። በቅሎዋ ሰጋር ናት፣ ሆድህን አትንጠውም። በየማረፊያው የምትቀምሰውን ጥሩሐረግ ትቋጥርልሃለች፤ መምጣትህን ከነገርኋት ማለቴ ነው። መልስህ እስኪደርሰኝ ድረስ አልነግራትም። ተስፋ አድርጋ ብትቀር አልችልም፤ እሷም አትችልም ማለቴ ነው።

አንድ ነገር ልጨምርልህ። ባለፈው ሰሞን ከዕቃዋ መካከል ያችን የሕፃንነትህን ጣባ አወጣች። ከንፈሯ ትንሽ ተሸርፏል እንጂ ደህና ናት። በአንድ ጊዜ ብላ የተባልኸውን ያህል ብትሰፍርባት ልክ ሆነ፤ አልተረፈም፣ አልጎደለም። “ድሮም ልኩን አውቀው ነበር፤ ማሩ ነው ያሳሳተኝ” ብላ ሳቀች። ከፋሲካ ወዲህ መጀመሪያ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው። ያችን ጣባ ግን ከሌላው ዕቃ ጋር አልጠቀለለቻትም፤ ምድጃው ዳር ተቀምጣለች።

ቅዱስ ሚካኤል በመንገድህ ይቅደምልህ። ቁስልህን የሰፋውን እጅ ይባርክ፣ የቀረህን ግማሽ ጨጓራ እንደ ሙሉ ያድርግልህ፤ የበላኸው ይስማማህ፣ የምትወደው ሰው አይራቅህ። ይህን ምርቃት ለእኔም አሜን በልልኝ።

አባትህ
በሪሁን

ከጉርሻዋ የሚተርፍ ቢኖር እንዳትጨነቅ፣ በግድም እንዳትጨርሰው። የተረፈውን እኔ እጎርሰዋለሁ፤ ከእጇ መጉረስ ለምጃለሁ።