የጾም ፒዛ

ነሐሴ ፫

እህቴ ስመኝ ከጣልያን ተመልሳለች።

ከመጣች ሳምንት አልፏታል። እናቴ አቅፋ ሳመቻት፤ አልጋ አነጠፈችላት። ከእጇ ግን ምንም አትቀበልም። ጾሙ ሳይገባ ስመኝ እንቁላል ብትጠብስላት «ጠግቤያለሁ» አለች። ፍልሰታ ገብቶ ማካሮኒ ብትሠራ «ጾም ነኝ»። ነገሩን ሁላችንም እናውቀዋለን። አባታችን ሲሞት ስመኝ ወረቀቷ አላልቅ ብሏት ለቀብር አልመጣችም። ለተዝካሩም አልመጣችም። እናቴ አንድ ቀን አልወቀሰቻትም። ብትወቅሳት ይሻል ነበር።

ዛሬ ዳቦ ቤቴ መጥታ ምድጃውን ዞራ አየችው። የባሕር ዛፍ ነው የማነደው።

«ጋሼ፣ እዚያ እሠራበት የነበረውም እንዲህ ያለ ነው» አለች። ፒዛ ልትጋግር ነው።

ነሐሴ ፬

«በጾም ምን ፒዛ አለ? አይብ የሌለው ማን ይበላዋል?» አልኳት። እዚህ ደብረ ማርቆስ አንድ ካፌ የቀመስኩት ከአይብ በቀር ምንም አልነበረውም።

ሳቀችብኝ። እሷ በኖረችበት በናፖሊ፣ ዓሣ አጥማጆቹ ድሮ የሚበሉት ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዘይትና ጨው ብቻ ነበር አለች። አይቡ ኋላ ነው የመጣ።

ገባኝ። እናቴ የምታመልጥበትን በር ልትዘጋው ነው።

«እምቢ ካለችስ?»

«ፍልሰታ ሲፈታ አዲስ አበባ እገባለሁ። ሥራ አግኝቻለሁ።»

ምድጃውን ፈቀድኩላት። አባታችን ከሞተ ወዲህ እራት የምንበላው እኔና እናቴ ብቻ ነበርን። ሦስተኛ ሰው ገበታው ላይ ማየት ለምጃለሁ።

ማታ አቦካች። ፉርኖ ዱቄት፣ ውሃ፣ ጨው፣ እርሾ ጥፍር የማታህል። ሊጡን ሸፍና «ቀዝቃዛ ቦታ ይደር። እንዳትነካው» አለችኝ።

ነሐሴ ፭

ነካሁት።

ጎሕ ሲቀድ ስገባ ሊጡ እንደተኛ ነው። በክረምት ሊጥ ካልተነሣ ምድጃ ጥግ አስጠጋዋለሁ፤ የዘመናት ልማዴ ነው። እጄ ሳያስበው አስጠጋው። ከዚያ ዳቦ ገዢው በዛና ረሳሁት። ስመኝ ስትመጣ ሊጡ ከሳፋው ሞልቶ ፈስሷል። ቤቱ ኮምጣጣ ኮምጣጣ ይሸታል።

«ምን አረግኸው ጋሼ? አበላሸኸው እኮ!»

ሌላ ለማቡካት ጊዜ የለም። ቅዳሴው ሲያልቅ እናቴ ትመጣለች። ስመኝ አኩርፋ ሊጡን በእጇ ዘረጋችው፣ መሐሉን ስስ፣ ጠርዙን ወፈር አድርጋ። ቲማቲም ጨፈለቀችበት። ነጭ ሽንኩርት፣ የኑግ ዘይት፣ ከጓሮ የቀጠፍኩት በሶብላ። ፍሙን ወደ ዳር ገፋሁላት። ገባ፣ ወጣ። ጠርዙ ተነፍቶ እዚህም እዚያም ጠቁሯል።

እናቴ ነጠላዋን እያስተካከለች ገባች።

«ጾም ነኝ» አለች፣ ሳታየው።

«የጾም ነው እማ። ቅቤ የለው፣ አይብ የለው።»

እናቴ እኔን አየችኝ። «ዘይቱም የኔው ነው» አልኩ።

ቀረብ አለች። «አባቴ ዱር ገብተው የተዋጉት ጣልያን ይሄን ነው የሚበላው?»

«ይሄንኑ።»

«እንዲህ ስስ ነገር እየበላ እንዴት ይቻለው!»

አማተበችና ቆረሰች። ስመኝ እጇ ላይ ዱቄት እንዳለ ቆማ ቀረች። እናቴ አኘከች። ደግማ ቆረሰች።

«የቦካ ነገር እንዲህ ነው። ያረጋል፣ ያንተ ዳቦ እኮ ውሃ ውሃ ይላል» አለችኝ።

ሦስተኛውን ስትቆርስ ወደ ስመኝ ዞረች።

«አባትሽ ቢቀምሰው ጨው አነሰው ይል ነበር።»

ስሙን በስመኝ ፊት ስታነሣ የመጀመሪያዋ ነው።

«ለአባባ ምን ጨው የበቃው ነገር አለ?» አለች ስመኝ፤ ድምፅዋ ተቆረጠ። እናቴ አጠገቧ አስቀመጠቻት። እኔ ፍም ልቆሰቁስ ሄድኩ። የሚቆሰቆስ ፍም አልነበረም።

ተመስገን።

ነሐሴ ፮

ስመኝ ስለ አዲስ አበባ አላነሣችም። እኔም አልጠየቅሁም።

እናቴ ከቅዳሴ ሁለት ባልቴቶች አስከትላ መጣች። «ልጄ ናት፤ ከእጇ ቅመሱ» አለቻቸው። ስመኝ ዛሬ ሊጡን እንደ ሙያዋ ቀዝቃዛ ቦታ ነው ያሳደረችው። እናቴ ቀመሰችና «ይሄ አልቦካም» አለች።

«ፒዛ እንዲህ ነው እማ!»

«እዚያ ይሁን። እዚህ አቡኪው።»

ይጨቃጨቃሉ። ሳምንት ሙሉ ጸጥ ካለ ቤት በኋላ ጆሮዬ አልጠገበውም። ቲማቲም አልቆ እኔ ተልኬያለሁ። ዘንቢል ልይዝ ጓዳ ገብቼ ነው ይህን የምጽፈው። ስመኝ ትሄድ ይሆን? እንጃ። አሁን ግን እናቴ «ለነገ ሁለት ሳፋ ይቦካ» ስትላት ይሰማኛል፤ ስመኝም «ሁለት አይበቃም» አለች።

«ያረጋል! ቲማቲሙን ልትዘራው ነው?» አለች እናቴ።

«መጣሁ!» ወጣሁ።