ስለ ጉሬዛ ቆጣሪው ስለ አቶ ጦና አንጁሎ ዕረፍትና ስለ ስማቸው መመለስ

ከዳሞት ግርጌ የዱር አራዊት ቆጣሪና ጠባቂ ማኅበር
ሶዶ፣ ግንቦት 13 ቀን 1926 ዓ.ም.

የማኅበራችን መሥራች አባልና የመጀመሪያው ጉሬዛ ቆጣሪ አቶ ጦና አንጁሎ ባደረባቸው የሳንባ ሕመም ማክሰኞ ግንቦት 7 ቀን በመኖሪያ ቤታቸው ዐርፈዋል። ማኅበሩ በጥልቅ አዝኗል። ኀዘኑን ያከበደው ግን ሞታቸው ብቻ አለመሆኑን አባላትም የገበያው ሰውም እንዲያውቁት ይህን መግለጫ ያወጣል። እንደ ልማዱ ሟችን አመስግኖ ማለፍ ይቻል ነበር፤ ሕሊናችን አልፈቀደም።

አቶ ጦና ተወልደው ያደጉት ከሶዶ ገበያ ሽቅብ በሚታየው፣ በዳሞት ተራራ ግርጌ ባለው መንደር ነው። በጉልምስናቸው ጉሬዛ አዳኝ ነበሩ፤ ይህንንም ደብቀው አያውቁም። ቆዳውን እያወረዱ ለሶዶ ነጋዴዎች ይሸጡ የነበሩት እኚሁ ሰው፣ በመንደራቸው አጠገብ ያለው የወንዝ ዳር ጫካ ጭር እያለ መሄዱን ሲያዩ ጦራቸውን ሰቀሉ።

በ1923 ዓ.ም. ማኅበሩ ሲቋቋም በጫካው የቀሩት ጉሬዛዎች ሃያ ሰባት ብቻ ነበሩ። አቶ ጦና ፊደል ስላልቆጠሩ በእንሰት ቃጫ ገመድ ላይ ለእያንዳንዱ ጉሬዛ አንድ ቋጠሮ ይቋጥሩ ነበር። በየወሩ ገመዱን ይዘው ሶዶ ይወርዱና በጣታቸው እየዳሰሱ ያነባሉ፤ ጸሐፊያችን ጉልላት በመዝገብ ያሰፍራል። እንስሳቱን እንደ ጎረቤት በመልክ ይለዩአቸዋል። ከሁሉ በላይ ባለው ቅርንጫፍ ተቀምጦ ሌሎቹን ዘብ የሚያስቆመውን ሽማግሌ ጉሬዛ “ሹሙ” ይሉት ነበር። ይህን በስብሰባ ላይ ሲናገሩ ወደ ሰብሳቢያችን ወደ ባላምባራስ ገብረማርያም ሰረቅ አድርገው ማየታቸው አልቀረም፤ ባላምባራስም ከሁሉ ቀድመው ይስቁ ነበር።

በ1924 ዓ.ም. አቶ ጦና የቀድሞ ደንበኛቸው የነበሩትን የሶዶውን ነጋዴ አቶ ቡሽራን አግባብተው የጉሬዛ ቆዳ መግዛት እንዲተዉ አደረጉ። ለዚህም አምስት ቅዳሜ በነጋዴው ሱቅ ደጃፍ ተቀምጠው ውለዋል። አቶ ቡሽራ ዛሬ አባላችን ናቸው፤ ያሸነፋቸው ምክሩ ሳይሆን የአቶ ጦና አለመሰልቸት እንደ ሆነ ራሳቸው ይናገራሉ።

በሰኔ 1925 ዓ.ም. የሆነውን በዝምታ ልናልፈው አንችልም። በዚያ ወር ዝናቡ መንገዱን ስላበላሸው፣ ማኅበሩ አቶ ጦና ራሳቸው መውረዳቸው ቀርቶ ገመዱን በጆንያ እንዲልኩ አዘዘ። ገመዱ ሶዶ ደርሶ ሲቆጠር ሠላሳ አንድ ቋጠሮ ተገኘበት። የጫካው ዘበኛ አቶ ማሞ ግን ከዚያ በፊት በነበረው ወር ሠላሳ ስምንት ጉሬዛ አይተው ነበር። አዳኝ የነበረ ሰው ሰባቱን ገድሎ ቆዳቸውን ሸጧል ብለን፣ እሳቸውን ሳንጠይቅ ከማኅበሩ ሰረዝናቸው። ስረዛውንም ቅዳሜ ገበያ መካከል በጸሐፊያችን አስነበብን። ሊያስረዱን ሲመጡም ጉዳዩ ተዘግቷል ብለን ከደጅ መለስናቸው። ከዚያ ወዲህ ለደቦ የጠራቸው የለም፤ የሚያውቁት ሰው ሁሉ ፊት ነሳቸው። ዐሥራ አንድ ወር እንዲህ ኖሩ።

ለቀብር የሄዱት መልእክተኞቻችን ከቤታቸው ምሰሶ ላይ ዐሥር ገመዶች ተሰቅለው አገኙ። ከሰረዝናቸው በኋላም አንድም ወር አላቋረጡም ነበር። የሚያዝያውን ገመድ የቋጠሩት ሕመሙ ጸንቶባቸው፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ አሳየሽ ደግፈዋቸው ጫካው ዳር ተቀምጠው ነው።

የሰባቱንም ነገር የነገሩን ወይዘሮ አሳየሽ ናቸው። የጉሬዛ ግልገል ነጭ ሆኖ ይወለዳል፤ የሚጠቁረው ከወራት በኋላ ነው። አቶ ጦና ለነጩ ግልገል ላላ ያለ ቋጠሮ ብቻ ይቋጥሩና በሕይወት ቆይቶ ሲጠቁር ያጠብቁት ነበር። ከራሳቸው ልጆች ሁለቱ በጨቅላነታቸው ሞተውባቸዋልና፣ ገና ያልጸናን ሕፃን አጥብቆ መቋጠር እጃቸው እንቢ ይል ነበር። ገመዱን ራሳቸው ይዘው ሲወርዱ የላላውንም የጠበቀውንም ያነቡልን ስለ ነበር እኛ ልዩነቱን አናውቅም። ላላ ያሉት ሰባት ቋጠሮዎች የተፈቱት እኛው ባዘዝነው ጆንያ ውስጥ ነው። የሰኔውን ገመድ ከሣጥን አውጥተን አየነው፤ ሰባት ቦታ ላይ ቃጫው ዛሬም እንደ ተጠማዘዘ ነው።

መልእክተኞቻችን ማኅበሩ በመቃብራቸው ላይ የተጠረበ ድንጋይ እንደሚያቆም ሲነግሯቸው ወይዘሮ አሳየሽ፣ “ድንጋይ አልፈልግም። ስሙን ገበያ ላይ ነው የወሰዳችሁት፤ ገበያ ላይ መልሱልኝ” አሉ።

ስለዚህ ማኅበሩ የሰኔ 1925 ዓ.ም. ውሳኔውን ሽሯል። አቶ ጦና ማኅበሩ ከተቋቋመ ወዲህ አንድም ጉሬዛ አልገደሉም፤ አንድም ቆዳ አልሸጡም። ከማኅበሩ አንዲት ቀን እንኳ እንዳልወጡ ሆኖ በመዝገብ ይጻፋል። ያዩትን በቅንነት የተናገሩት ዘበኛው አቶ ማሞም አይወቀሱም፤ ጥፋቱ የእኛ ነው። ይቅርታችንን ሊሰሙ የሚገባቸው ሰው ሳይሰሙ መሄዳቸው አሳፍሮናል፤ አስለቅሶናልም።

ለወይዘሮ አሳየሽ፣ ለልጃቸው ለወልደመስቀል፣ ለመላው ቤተ ዘመድና አብረዋቸው ጫካውን ለጠበቁ ሁሉ ፈጣሪ ብርታቱን እንዲሰጥልን፣ የአቶ ጦናንም ነፍስ በቸርነቱ እንዲቀበል እንለምናለን።

ይህ መግለጫ የፊታችን ቅዳሜ ግንቦት 18 ቀን ገበያው ጢም ሲል በአማርኛና በወላይትኛ ይነበባል። የሚያነበው ያን ጊዜ ስረዛውን ያነበበው፣ ይህንንም የጻፈው ጸሐፊው ጉልላት ነው። የማኅበሩ ሹማምንት ከባላምባራስ ጀምሮ ባርኔጣቸውን አውልቀው አጠገቡ ይቆማሉ። ወይዘሮ አሳየሽ ለመምጣት ከፈቀዱ ከፊት ቦታ ይዘንላቸዋል። ካልፈቀዱም መብታቸው ነው፤ ጸሐፊው ድምፁ ሽቅብ እቤታቸው እስኪደርስ ድረስ ጮኾ ያነባል።