ስለ አባባ ጠመንጃ ካዝና፣ ለወንድም ጋሼ ብቻ

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለጋሼ ፍቃዱ፤ ድሬዳዋ።

እንደምን ከረምክ? ሙቀቱስ እንዴት ይዞሃል? ያ ወገብህ ተሻለው ወይስ አሁንም እየደበቅኸን ነው? ሄርሜላ ደህና ናት? ሃሌሉያስ ትምህርቷን እንዴት ይዛዋለች? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ዝናቡ ዘንድሮ አላባራ ብሎ ግቢው ጭቃ በጭቃ ሆነ እንጂ ጤናችንን አላጣንም። አባባም ደህና ናቸው፤ ማለቴ እሳቸው ደህና ነኝ ይላሉ።

በስልክ ያልነገርኩህ የአባባን ጆሮ ስለምታውቀው ነው፤ ጓሮ ሆነው የሳሎን ሹክሹክታ ይሰማሉ። በቴሌግራም እንዳልጽፍልህ ደግሞ ስልክህን የምትከፍተው ልጅህ ናት። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ወደዚያ ለሚሄደው ለመምህር ቀጸላ ሰጥቼዋለሁ። ፖስታው በተለጠፈበት ላይ ፈርሜበታለሁና ፊርማዬ ተቀድዶ ከደረሰህ አሳውቀኝ። ቀጸላ ጨዋ ሰው ነው፤ ቢሆንም ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ነገሩ የአባባ ጠመንጃ ነው። የመጨረሻዋ ጥይት ስትወጣ ማቀባበያው ወደ ኋላ ሄዶ ክፍት ሆኖ ይቆም እንደነበር አትረሳውም፤ ጥይት ማለቁን የምናውቀውም በዚያ ነበር። ነሐሴ ላይ ከርከሮ በቆሎውን ሲያወድመው ጠመንጃውን ይዤ ወጣሁ። ተኩሼ ተኩሼ ጥይቴ ሲያልቅ ማቀባበያው እንደ ወትሮው ክፍት ሆኖ መቆሙን ትቶ ተመልሶ ተዘጋ። እኔም ጥይት የቀረኝ መስሎኝ የቆሰለውን ከርከሮ ተከትዬ ጥሻ ውስጥ ገባሁ። ፊት ለፊት ተገናኝተን ምላጩን ብስበው ባዶውን ቀጭ አለ። ከርከሮው ምን እንዳሰበ እንጃ፣ ዞሮ ሄደልኝ።

ቤት ገብቼ ጥይት የሚሞላበትን ካዝና ከጠመንጃው ነቅዬ ሳገላብጠው አባባ በምስማር ፍቀው ከሥሩ ያበጁት መስቀል የለም። በእጄ ብዳስሰው ልሙጥ ነው። ካዝናችን ተለውጧል አልኩ። ማን እንደለወጠው ለማወቅ ደግሞ ብዙ ማሰብ አላስፈለገኝም። የእህታችን የጽጌ ባል ገብረሚካኤል ሐምሌ ላይ በአጎቱ ለቅሶ ይዞት ሊቆም ተውሶን ነበር። እሱም ከአባቱ የወረሰው የዚያው ዓይነት አሮጌ ጠመንጃ አለው፤ የሱ ካዝና እንደማይሠራ አገር ያውቃል።

በዓይኔ እከታተለው ጀመር። ባየሁት ቁጥርም ጥርጣሬዬ ባሰ። እኔ ሺሺንዳ ገበያ ስወርድ እሱ አባባ ቤት አይጠፋም። አንድ ቀን ሳይታሰብ ብገባ የአባባን ጥይት ከካዝናው እያወጣ ኪሱ ሲከት ደረስኩበት። ሲያየኝ ደንገጥ ብሎ፣ ላጸዳው ብዬ ነው አለኝ። ለማጽዳት ጥይት ኪስ ይገባል? ጽጌም ብትሆን እንደ ድሮዋ ዓይን ለዓይን አታየኝም፤ በቆሎ መጠበቁንም እርግፍ አድርጋ ትታለች። ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል፤ ዛሬ ካዝና፣ ነገ ጠመንጃው ብዬ ደመደምኩ።

ስለዚህ ለእሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌ ጠራሁ። ገብረሚካኤል በሽማግሌ ፊት አልወሰድኩም ብሎ እንዲምል ነው። ጽጌ እያለቀሰች መጥታ፣ ባሌን ካስማልክብኝ እህት የለህም አለችኝ። እኔም ደሜ ፈልቶ፣ እውነት ከሆነ መሐላ ምን ያስፈራዋል ብዬ መለስኳት። እርጉዝ መሆኗን እንኳ ልብ አላልኩም።

ጎረቤታችን ጋሽ ሰሚር ድሮ ወታደር ስለነበሩ ምስክር ይሁኑልኝ ብዬ ለመንኳቸው። እሳቸው ግን ሰው ከማስማልህ በፊት ዕቃውን እንየው አሉ። ጠመንጃው ባዶ መሆኑን አረጋግጠው የራሳቸውን ባዶ ካዝና ከተው ማቀባበያውን ሳቡት፤ ክፍት ሆኖ ቆመ። የኛን ከተው ሳቡት፤ ተዘጋ። ስለዚህ ጠመንጃው ጤነኛ ነው፣ በሽታው ካዝናው ላይ ነው አሉኝ። ከዚያ ጥይቱን ወደ ላይ የምትገፋዋን ምላስ በአውራ ጣታቸው ተጭነው ለቀቋት። ብድግ ማለት ሲገባት እያቅማማች መጣች። ማቀባበያውን ገፍታ የምታስቆመው እሷ ናት፤ ወይ ሞላው ደክሟል፣ ወይ ምላሷ ተበልታለች፣ ወይ ቆሻሻ ይዟታል አሉ። ወይ የሰው ካዝና ነው አልኩ እኔ። ፈትተህ በሙቅ ውሃ እጠበው ብለውኝ ሄዱ።

ፈትቼ ሙቅ ውሃ ስደፋበት ቢጫ ነገር ቀልጦ ተንሳፈፈ፤ ቤቱ ማር ማር ሸተተ። ሰም ነው፣ ወንድም ጋሼ። ሞላውን ጠፍንጎ ይዞት ነበር። ሥሩን በጨርቅ ስወለውለው የአባባ መስቀል ብቅ አለ። ካዝናው የራሳችን ነው።

በክረምት ዝገት እንዳይነካው ብሎ ብረት በሰም የሚያሽ ከአባባ በቀር ማን አለ? ቀፎ ሲያበጁ የሚተርፋቸውን ሰም ከውጭ ብቻ፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ አሳስተው ነበር የሚያስነኩት። በዚህ ክረምት ግን እንደ ቀፎ ቀዳዳ ደፍነውታል። ሄጄ ብጠይቃቸው ተቆጥተው በአገራችን ቋንቋ በካፊኖኖ ወረዱብኝ። እስቲ አምጣው ብለው እጃቸውን ሲዘረጉ እኔ ካዝናውን የያዝኩት በቀኝ ነው፤ እሳቸው በግራ በኩል አየሩን ጨበጡ። ለካ ዓይናቸው ደክሟል።

በቀጥታ ገብረሚካኤል ዘንድ ሄድኩ። ስለ ካዝናው እንደማያውቅ ነገረኝ። ስለ ጥይቱ ስጠይቀው ግን ወደ ጽጌ አየ፤ እሷ ተነግሮ ይለቅ አለች። ለካ እኔ ቦንጋ በሄድኩበት በጳጉሜ፣ ጽጌ የበቆሎው ማማ ላይ ተቀምጣ ስትጠብቅ አባባ ዝንጀሮ መስላቸው ተኩሰውባታል። ጥይቱ ከራሷ አጠገብ ያለውን ቋሚ ነው የመታው። እሷ ወርዳ፣ ዝንጀሮው አመለጠዎት አባባ ብላቸው ወደ ቤቷ ገባች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ባሏ ጠመንጃውን እየተደበቀ ባዶ ያደርገዋል።

ታዲያ ሽማግሌ ስጠራብህ ለምን ዝም አልክ አልኩት።

"ሌባ መባሉን እሸከመዋለሁ። አባባ ግን ልጃቸው ላይ መተኮሳቸውን ቢያውቁ አንድ ቀን አያድሩም" አለኝ።

እግሩ ላይ ወደቅሁ፤ አነሳኝ። ሽማግሌዎቹንም ቤታቸው ድረስ ሄጄ ይቅርታ ጠይቄ መለስኳቸው። ወንድም ጋሼ፣ በጣም አፍሬያለሁ።

አሁን የምለምንህ ለገና ሳትል ቶሎ እንድትመጣ ነው። ጋሽ ሰሚር የዓይን ሞራ ነው፣ ቦንጋ ወስዳችሁ አሳዩአቸው ይላሉ። እኛን አይሰሙንም፤ የበኩር ልጃቸውን ይሰማሉ። ጠመንጃውን ሞላው ተሰብሮ ሊጠገን ሄዷል ብዬ ጋሽ ሰሚር ዘንድ አስቀምጬዋለሁ። አባባ ግን አላመኑም። ትናንት ጠሩኝና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ ያን ገብረሚካኤልን ጠርጥረው አሉኝ። እኔም እሺ አልኳቸው።

ለሄርሜላ በጣም እንደናፈቀችኝ ንገርልኝ፤ ሃሌሉያን ጉንጯን ሳምልኝ፤ ይህን ግን አታስነብባት። ገብረሚካኤል ሰላም ብሎሃል። ጋሽ ሰሚር ለወገብህ ማር ይላክለት ብለዋል። አባባ እየመረቁህ ነው። ጽጌም ናፍቀሃታል፤ ስትመጣ አባባ ስለ ሳቱት ዝንጀሮ ያወሩልሃል፤ እሷ ትስቃለች፤ አንተም አደራ፣ አብረሃት ሳቅ።

ታናሽ ወንድምህ ዋለ
ሺሺንዳ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.