በቀኝ በኩል ንስር አለ

ኖቬምበር 4
ዛሬም እንደ ሁልጊዜው። ቁርስ በላን፣ የሽንት ቤቱን ጋን በቱቦ ደፋን፣ ተነሣን። ቤታችንን ሸጠን ይህን አውቶቡስ የሚያህል ባለጎማ ቤት ስንገዛ ጀርባው ላይ በትልቁ «ነፃነት» ተጽፎበት ነበር። ነፃነት ማለት የራስን ጉድ ከስቴት ስቴት ተሸክሞ መዞር መሆኑን ሻጩ አልነገረንም።

ማታ ላይ ግራንድ ካንየን ከሚባለው ትልቅ ገደል አጠገብ ካለው የባለጎማ ቤቶች ሰፈር ደረስን። ባሌ ሃርላን ቤቱን ወደ ኋላ ሊያስገባ ሲጀምር ጎረቤቶች እንደ ደንባቸው ወንበራቸውን ወደ እኛ አዞሩ... የጡረተኛ ሲኒማ። እኔ ከኋላ ቆሜ ምልክት እሰጣለሁ። ቁም አልኩት። አልቆመም። ምሰሶውን ገጨ፣ ፓራውልቱ ወደቀ።

«ምልክት አልሰጠሽኝም!»
«ሁለት እጄን እንደተማረከ ወታደር ሰቅዬ?»
«የት ሆነሽ?»
«በቀኝህ!»

ፓራውልቱን ሊያነሣ ወረደ። ከወንበሮቹ አንዱ አጨበጨበ። እግዜር ይስጠው።

ኖቬምበር 5
ጋራዥ ዋልን። ቁጭ ብዬ ቤቴን ዙሪያዋን አየኋት። በጸደይ የተሰበረው እስፖኪዮ፣ በበጋ የተጣመመው ደረጃ፣ የትናንቱ ፓራውልት... ሁሉም በቀኝ። ግራዋ እንደ ሙሽራ ያበራል።
ለምን? አልጠየቅሁትም።

ኖቬምበር 7
ገደሉ አፋፍ ላይ ቆመን ነበር። ሰይጣን ገፋፋኝ።
«ሃርላን! በቀኝህ፣ ድንጋዩ ላይ፣ ንስር!»
«ወይ ግርማ ሞገስ! ክንፉን አየሽው?»
ንስር የለም። ድንጋይም የለም። በቀኙ የነበረው የሽንት ቤት ወረፋ ነው።
ሳቄ መጣ። ከዚያ ቤታችን ገብቼ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ።

የሚነዳው እሱ ነው። እኔ በፊት ከነበረችን ትንሽ መኪና ሌላ መሪ ነክቼ አላውቅም። ቤት የለንም። ልጃችን ጃኔል ምድር ቤቱን ልስጣችሁ ትላለች፣ ከልብስ ማጠቢያው ጎን። መሬት ሥር ለመግባት ምን አስቸኮለኝ?

ኖቬምበር 12
የሃርላን ቀኝ ዓይን ሆኜ ተቀጥሬያለሁ። ደመወዝ የለውም።
«ያቺ ቀይ መኪና በቀኝ፣ እንዴት ታምራለች!» ስለው ወደ ግራ ይጠጋል።
«ያ ብስክሌተኛ ባቱ ሲያምር!»
«ያንቺ የባት ነገር!» ይላል፣ ግን ይርቅለታል።
የማደንቀው ሲጠፋ ምሰሶ አደንቃለሁ። ድምፄ ተዘጋ። አሪዞና እንዲህ ተሞካሽታ አታውቅም።
ብነግረው መንገዱ እዚሁ ያበቃል። ባልነግረውስ?

ኖቬምበር 13
እንቅልፍ የለም። እሱ ያንኮራፋል፣ ንስር ያየ ሰው።

ኖቬምበር 15
ኳርትዝሳይት በረሃ ውስጥ ወደሚከርሙት ወዳጆቻችን፣ ወደ ዌንደልና ኖሪን እየሄድን ነበር። የባቄላ ቆርቆሮ ከመደርደሪያው ወደቀ። ላነሣ አጎነበስኩ። ጎንበስ ብዬ ቀና እስክል...
ጧ!
«ምን ነበር?» አለ ሃርላን።
«ሰው ነው! ሰው!»

ፍሬን ያዘ። ከመንገዱ ዳር የተነፈሰ ጎማ ይቀይር የነበረ ጎልማሳ ነው። እስፖኪዮአችን ባርኔጣውን ወስዶታል። ጭንቅላቱ አለ። አለ... ሦስቴ ነው ያየሁት። ባርኔጣውን አንሥቶ እየሮጠ መጣ።
«አባባ፣ አላዩኝም እንዴ?»
«አላየሁህም፣ ልጄ።»
ሰውየው ሊሳደብ አፉን ከፈተ፣ ፊታችንን አየ፣ ዘጋው። ይቺን ዝምታውን ስድብ ባደረጋት።

ብቻችንን ስንቀር፦
«ንስሩንም አላየሁትም» አለኝ።
«ንስር አልነበረም።»
«ኋላ ገባኝ። ምሰሶ የሚያደንቅ ሰው ዕድሜዬን አይቼ አላውቅም።»
«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»
«አንቺስ?»
ቁልፉን ነቅሎ ጭኔ ላይ አስቀመጠው። ይህን ሁሉ ጊዜ ነፃነት ነፃነት ስንል ሁለታችንም የፈራነው ይቺን ትንሽ ብረት ነው።

ኖቬምበር 16
ነዳሁ። ከኋላዬ የተሰለፈውን መኪና ላየ የታላቅ ሰው ቀብር ይመስለዋል። ጥሩምባውም ነበረ።
«በቀኝ ምን አለ?» ይለኛል ሃርላን።
«መንገድ። ዝም በል።»
ያ ሁሉ ውዳሴ የት ሄደ? አንዲት ቃል አጣሁለት።

ኖቬምበር 20
ከኖሪንና ከዌንደል ጋር የዓይን ሐኪም ዘንድ ነበርን። ቀኙ አልቆለታል፣ ግራውም እየተከተለ ነው፣ ርቀት አይለይም። እኔ ደግሞ ከነዳሁበት ቀን ወዲህ ያን መሪ ይዤ ጎዳና አልወጣም ብያለሁ። ኖሪን «እዚሁ ከጎናችን ዓመቱን ሙሉ ቁሙ፣ ባይሆን ካርታ እየተጫወትን እንጣላለን» አለች። ዌንደል «ጎማዎቹን እናወልቃቸዋለን፣ ፀሐይ ከሚበላቸው» አለ። ደህና ሰዎች ናቸው። ወጥቼ የፊተኛውን ጎማ በእርግጫ መታሁት። ከዚያ ተደግፌው ቆየሁ።

ኖቬምበር 23
ዛሬ ቤታችንን ከእነኖሪን ጎን ቋሚ ቦታው ላይ ማስገባት ነበረብኝ። የመጨረሻ ጊዜ። ጎረቤቶች ወንበራቸውን አዞሩ።
«ምልክት የሚሰጣት ማን ነው?» አለ ሃርላን።
ዌንደል አፉን ሊከፍት ሲል ቀደምኩት። «አንተ ነህ እንጂ! ሌላ ማን አለኝ?»

ሸሚዙን ቀይሮ መጣ። ከኋላ ቆመ፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ... ነይ፣ ነይ፣ ነይ። ከእሱ ጀርባ ዌንደል በደረቱ አጠገብ በጣቱ ያሳየኛል። በእስፖኪዮው የማየው ዌንደልን ነው። ገባሁ። ዌንደል ጣቱን አጠፈ። ቆምኩ።

ሃርላን ግን አሁንም ይጠራኛል። ነይ፣ ነይ። ሞተሩን ባጠፋው ይሰማል፣ መቆሜን ያውቃል። አላጠፋሁትም። ከወንበሮቹ አንድም ሰው አላጨበጨበ፣ አልሳቀ። ቤንዚኑ ይንደድ።

በስተመጨረሻ ሁለት እጁን ወደ ላይ ሰቀለ። ያኔ አጠፋሁት።

«ልክ ነበርኩ?» አለኝ መስኮቱን እየዳሰሰ።
«ልክ።»
ዌንደል የጎማ መፍቻውን ይዞ መጣ።
ነገ አልኩት። ዛሬ ገና መድረሳችን ነው።