መስከረም 12 የተነሱት ወፎች

መስከረም 18

ትናንት ይመጣል ያልሁት የጋማ ጨረር አልመጣም። የምከታተላቸው ሁለት ኮከቦች ጨረሩን የሚረጩት በየ27 ቀኑ ሲቀራረቡ ነው፤ አንዱ ይታያል፣ ሌላው ፈጽሞ አይታይም። ቀኑን በትክክል ከተነበይሁ መምህር አያሌው ለማስተርስ የድጋፍ ደብዳቤ ሊጽፉልኝ ቃል ገብተው ነበር። ዛሬ ፔዳ ግቢ አንድ ካፌ ውስጥ ቁጭ ብለው ወረቀቴን አገላበጡና ሳቁ።

«ካለፈው ጨረር፣ ከነሐሴ 20 ጀምረህ ስትቆጥር ጳጉሜን የት አደረስሃት፣ አንተ ልጅ?»

አምስቱን ቀን ዘልያቸዋለሁ። ጨረሩን የሚመዘግበውን ሳተላይት መረጃ መልሼ ስከፍተው ጨረሩ መስከረም 12፣ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ቁልጭ ብሎ ተቀምጧል።

«ደብዳቤው የሚቀጥለውን ስታገኝ ነው» አሉኝ።

ያልነገርኋቸው ነገር አለ። በዚያ ቀን፣ በዚያ ሰዓት ጣና ዳር ተቀምጬ ነበር። ነፋስ አልነበረም፣ ጀልባም አልነበረም። ውሃው ላይ የነበሩት ወፎች ሁሉ ድምፅ ሳያሰሙ አንድ ላይ ተነሱ። ተመልሰውም አላረፉም።

ጨረሩ ምድር እንደማይደርስ አውቃለሁ፤ አየር ላይ ተሰባብሮ ይቀራል። መመረቂያ ጽሑፌ ላይ ራሴው ጽፌዋለሁ።

የሚቀጥለው ጥቅምት 9 ነው። ለደብዳቤው ስል መረጃውን ማየት አለብኝ። የምጠብቀው ግን ወፎቹን ነው።